ፕሮጀክቶቹን ከመቁጠር በፊት የጥገኝነቱን አቅጣጫ ወስኑ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የምንሠራ ሦስት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ነን። ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የእሸት ቡና ግዢንና ክፍያን የሚመዘግብ የድር መተግበሪያ በዶት ኔት (በማይክሮሶፍት የሶፍትዌር መሥሪያ) ሠርተናል። ኮዱ በሙሉ ያለው በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። አሁን ለአንድ ዩኒየን መጋዘን ሁለተኛ ሥርዓት ጀምረናል፤ አብዛኛውን ክፍል ከመጀመሪያው ገልብጠን ወስደናል። አንድ ባልደረባችን ሌየሮቹን በአምስት ፕሮጀክት እንድንከፍል መክሮን ስንሞክር ክብ ጥገኝነት አለ የሚል ስህተት አስቆመን። ስንት ፕሮጀክት ያስፈልገናል? የገበሬውና የደረሰኙ ክላሶች (የአንድን ነገር መረጃና ባሕርይ የሚይዙት የኮድ ክፍሎች) የት ይቀመጡ? ሁለቱ ሥርዓቶች ቢጋሯቸው ይሻላል? መከፋፈሉስ መተግበሪያውን አያዘገየውም?

ምላሽ፦ የመጨረሻው ጥያቄያችሁ ቀላሉ ስለሆነ በእሱ ልጀምር። በአንድ ማሽን ላይ፣ በአንድ ሂደት ውስጥ አብረው የሚሠሩ ላይብረሪዎች (ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምባቸው የኮድ ጥቅሎች) እርስ በርስ ሲጠራሩ የሚባክነው ጊዜ ተጠቃሚው የሚያስተውለው አይደለም። መዘግየት የሚመጣው ሌየሮቹን በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ አስቀምጣችሁ በኔትወርክ ስታነጋግሯቸው ነው፤ እናንተ ደግሞ አሁን ይህን የምታደርጉበት ምክንያት የላችሁም። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሣው ክርክር አብዛኛው ሦስት ነገሮችን ከማደባለቅ የመጣ ነው። ሌየር የሥራ ድርሻን የምንለይበት የአስተሳሰብ ክፍፍል ነው። ፕሮጀክት ለብቻው ተጠናቅሮ (ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ቅርጽ ተለውጦ) አንድ ላይብረሪ ወይም ፕሮግራም የሚወጣው የኮድ ስብስብ ነው። ሰርቨር ያ ፕሮግራም የሚሮጥበት ማሽን ነው። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ አራት ሌየር በሥርዓት ተለይቶ ሊኖር ይችላል፤ አሥር ፕሮጀክት ያለው ሶሉሽንም (ፕሮጀክቶቹን አንድ ላይ የሚይዘው ጥቅል) አንድም የተለየ ሌየር ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ «ስንት?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ማን ማንን ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የገጠማችሁ ስህተትም የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው።

እንደገለጻችሁት ከሆነ የሆነው የሚከተለው ይመስለኛል። የግዢ ደንቡን ወደ አንድ ፕሮጀክት አወጣችሁ፤ «ደንብ» እንበለው። ዳታቤዙን የሚያነበውንና የሚጽፈውን ኮድ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ወሰዳችሁ፤ ይህን «ማከማቻ» እንበለው። ደንቡ ደረሰኝ ማስቀመጥ ስላለበት ማከማቻን ጠራ። ማከማቻ ደግሞ የሚያስቀምጠው የደረሰኝ ክላስ ደንብ ውስጥ ስላለ ደንብን ጠራ። ሁለቱ ተጠባበቁ። ዶት ኔት ሁለት ፕሮጀክቶች እርስ በርስ እንዲጠቃቀሱ አይፈቅድም፤ አንዱን ለማጠናቀር ሌላው አስቀድሞ መጠናቀር አለበትና። ኮዱ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሳለም ይህ ጥምዝ ነበረ፤ የሚከለክለው ስላልነበረ ግን አልታያችሁም። መሣሪያው አሁን አውጥቶ አሳያችሁ፤ በዚህ ልትደሰቱ ይገባል።

ብዙ ቡድኖች እዚህ ላይ ሲደርሱ በጣም የሚጎዳ መፍትሔ ይመርጣሉ፦ «የጋራ» የሚባል ሦስተኛ ፕሮጀክት ፈጥረው የተጋጩትን ክላሶች ሁሉ ወደዚያ ይወስዳሉ። ስህተቱ ወዲያው ይጠፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ «የጋራ» ቦታ ያጣ ዕቃ ሁሉ እንደሚወረወርበት ጓዳ ይሆናል፦ የክፍያ ደንብ፣ የኢሜይል መላኪያ፣ የቀን ቅርጽ፣ የተጠቃሚ ፈቃድ። ሁሉም ፕሮጀክት እሱን ስለሚጠቅስ በእሱ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ ሁሉንም ይነካል። ፕሮጀክቶቹ አምስት ቢሆኑም አሠራራችሁ ወደ አንዱ ፕሮጀክት ተመልሷል ማለት ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ ማን ማንን እንደሚጠራ ከሚያሳዩት ሁለት ቀስቶች አንዱን መገልበጥ ነው። ደንብ ውስጥ «የደረሰኝ መዝገብ» የሚባል ኢንተርፌስ (ምን እንደሚሠራ ብቻ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ የማይናገር ውል) አስቀምጡ፤ ሁለት ወይም ሦስት ተግባር ብቻ ይኑረው፦ ደረሰኝ አስቀምጥ፣ በቁጥር ፈልግ፣ የአንድን ገበሬ ያልተከፈሉ ደረሰኞች አምጣ። ደንቡ የሚያውቀው ይህን ኢንተርፌስ ብቻ ይሁን። ኢንተርፌሱን በእውነተኛ የዳታቤዝ ኮድ የሚሞላው ክላስ ማከማቻ ውስጥ ይጻፍ። እንግዲህ ማከማቻ ደንብን ይጠቅሳል፤ ደንብ ግን ማንንም አይጠቅስም፣ ክቡም ተቆረጠ። ኢንተርፌሱና ክላሱ የሚገናኙት መተግበሪያው ሲነሣ፣ በድር ፕሮጀክቱ መነሻ ፋይል ውስጥ ነው፤ «ይህ ኢንተርፌስ ሲጠየቅ ይህን ክላስ ስጥ» የሚለው ምዝገባ እዚያ ይጻፋል።

«እንዲህ ከሆነ የድር ፕሮጀክቱ ማከማቻን መጥቀሱ የጥገኝነቱን አቅጣጫ መጣስ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። በመነሻ ፋይሉ ውስጥ ብቻ ከሆነ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ የሆነ አካል ሁሉንም አውቆ ማገናኘት አለበት። አደጋው ከሦስት ወር በኋላ አንድ የቸኮለ ባልደረባ ከኮንትሮለር (የድር ጥያቄን ከሚቀበለው ክላስ) ውስጥ በቀጥታ ዳታቤዙን ሲጠራ ነው። ይህን ለመከላከል የጥገኝነት አቅጣጫን የሚፈትሽ አውቶማቲክ ሙከራ ጻፉ። በጃቫ ዓለም አርክዩኒት፣ በዶት ኔት ኔትአርክቴስት የተሰኙት መሣሪያዎች የተሠሩት ለዚሁ ነው። ሙከራው ጥቂት መስመር ነው፤ ከብዙ የቃል ማሳሰቢያ ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ይህ የቀስት መገልበጥ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የሶፍትዌር ባለሙያው አሊስቴር ኮክበርን በ2005 በባለ ስድስት ጎን ምስል አቀረበው፤ ጄፍሪ ፓለርሞ በ2008 በሽንኩርት ምስል፤ ሮበርት ማርቲን በ2012 በክብ በክብ ሥዕል ደገሙት። በሦስቱም ውስጥ የድርጅቱ ደንብ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ዳታቤዝና ድር ከውጭ ሆነው ወደ እሱ ያመለክታሉ። (እነዚህ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ከታች ያሉትም እንዲሁ፣ ሌላ ካላልኩ በቀር።) እኔ ግን ከሦስቱ ሥዕሎች ይልቅ ዴቪድ ፓርናስ በ1972 የጻፈውን አስቀድማለሁ፦ አንድን ሥርዓት በሥራው ቅደም ተከተል ከመክፈል ይልቅ ወደፊት ሊለወጡ በሚችሉ ውሳኔዎች ክፈሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ውሳኔን ከሌሎቹ ይደብቅ።

በእናንተ ሥራ የሚለወጠው ምንድን ነው? የእሸት ቡና ዋጋ በለቀማ ወቅት በየዕለቱ ሊለዋወጥ ይችላል። ክፍያው ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ነገ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሆናል። የሪፖርቱ ቅርጽ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል። የደረሰኙ ቋንቋም አለ፤ በዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ጅማ ላይ ሆኖ ይህን መዘንጋት አይቻልምና። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ገበሬው ደረሰኙን በቁቤ ይፈልጋል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ወይም ኦዲተሩ በአማርኛ ሊጠይቅ ይችላል። አሁን ኮዳችሁን ክፈቱና «ክብደቱ ከዜሮ መብለጥ አለበት» የሚለው ዓረፍተ ነገር የት እንደተጻፈ ፈልጉ። በክፍያ ደንቡ መካከል ካገኛችሁት ሌየሮቹ አልተለያዩም። ደንቡ ምክንያቱን በአጭር መለያ ብቻ ይመልስ፦ ክብደት ልክ ያልሆነ፣ ዋጋ ያልተወሰነለት ቀን፣ ቀድሞ የተከፈለ ደረሰኝ። ያንን ምክንያት በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ የሚናገረው የድር ሌየሩ ነው። አዲስ ቋንቋ ሲጨመር ደንብ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ መነካት የለበትም።

አሁን ስለ ክላሶቹ ቦታ። ደረሰኝ፣ ገበሬና የዕለት ዋጋ ደንብ ውስጥ ይቀመጡ፤ መረጃ ብቻ የሚይዙ ባዶ ዕቃዎች ግን አይሁኑ። «ዋጋው የሚወሰነው ቡናው በተመዘነበት ዕለት እንጂ በተከፈለበት ዕለት አይደለም» የሚለው ሕግ የደረሰኙ የራሱ ባሕርይ ነው፤ ኮንትሮለር ውስጥ ወይም በዳታቤዝ መጠይቅ ውስጥ ከተበተነ ሁለት ገጽ ሁለት የተለያየ ድምር ያወጣል። ድምሩ የሚለያይበት ደግሞ እሸቱን በሸክም ያመጣ ገበሬ ነው፤ ስለዚህ ይህን የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ አድርጌ አላየውም። በወቅቱ መጨረሻ ላይ ለአባላት የሚከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ስሌትም እዚያው ይሁን። ገንዘብን በዴሲማል የቁጥር ዓይነት ያዙ፤ ክፍልፋይን በግምት በሚይዘው በደብል ከያዛችሁት ሳንቲሙ ይሸራረፋል።

ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር (ክላስን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው የዶት ኔት መሣሪያ) ክላሶቹ ላይ ምልክት ሳትለጥፉ ከሠንጠረዥ ጋር የምታዛምዱበትን መንገድ ይሰጣችኋል፤ የማዛመጃው ኮድ ማከማቻ ውስጥ ለብቻው ይጻፋል። ስለዚህ ደንብ የዳታቤዝ ፓኬጅ መጥቀስ አያስፈልገውም። የዳታቤዝ ለውጥ ታሪክ የያዙት የማይግሬሽን ፋይሎችም ማከማቻ ውስጥ ይሁኑ፤ ትዕዛዙን ስታስኬዱ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትንና መተግበሪያው የሚነሣበትን ፕሮጀክት ለየብቻ መግለጽ ይቻላል። ከስክሪኑ የሚመጣው ቅጽ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅጹን የሚወክለው ክላስ ድር ውስጥ ይኑር፣ ወደ ደንብ ሲገባ ይተርጎም። ሁለት ክላስ መጻፍ ድካም ይመስላል፤ የደረሰኙን ክላስ በቀጥታ ለቅጽ ከተጠቀማችሁ ግን አንድ ተንኮለኛ «ተከፍሏል» የሚለውን መስክ ከአሳሹ ሞልቶ ሊልክላችሁ ይችላል።

ስንት ፕሮጀክት ለሚለው የእኔ ፍርድ ሦስትና የሙከራ ፕሮጀክት ነው፦ ደንብ፣ ማከማቻ፣ ድር። ባልደረባችሁ አራተኛ አድርጎ «ክንውን» የሚል፣ ማለትም ግዢ መመዝገብን ወይም ክፍያ መፈጸምን እንደ አንድ ሙሉ ሥራ የሚመራ ሌየር ቢጨምር አልቃወምም፤ በእናንተ መጠን ግን ደንብ ውስጥ አንድ ፎልደር ይበቃዋል። አዲስ ፕሮጀክት የምትከፍቱት አጠናቃሪው ራሱ እንዲከለክልላችሁ የምትፈልጉት ነገር ሲኖር ወይም ያ ክፍል ለብቻው ሌላ ቦታ መሮጥ ሲኖርበት ነው። ከዚያ ውጭ ፎልደር ይበቃል። በየፕሮጀክቱ ውስጥ ደግሞ ፎልደሮቹን «ሰርቪስ»፣ «ሞዴል»፣ «ሄልፐር» እያላችሁ አትሰይሙ፤ ግዢ፣ ክፍያ፣ አባላት፣ መጋዘን በሚል የሥራ ስም ሰይሟቸው። አዲስ ሠራተኛ ሶሉሽኑን ሲከፍት የቡና ግዢ መሆኑ ከፎልደሮቹ ስም ይታየው። ለአንድ ትንሽ መስክ ለውጥ በአምስት ፕሮጀክት ውስጥ ሰባት ፋይል የምትከፍቱ ከሆነ አከፋፈሉ ለውጡን አልተከተለም።

«ሌላ ቦታ መሮጥ» ያልኩት እናንተ ዘንድ ሩቅ አይደለም። በጎማ ወይም በጌራ ወረዳ ያለ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋበት እሸቱ አይጠብቅም፤ በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ ጣቢያው መመዘንና ደረሰኝ መስጠት የግድ ነው። ደንብ ማንንም የማይጠቅስ ከሆነ ያው ላይብረሪ ዋናው ሰርቨር ላይ ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር፣ ጣቢያው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ከትንሹ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ጋር ይሠራል፤ የሚቀየረው ማከማቻ ብቻ ነው። ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ድምር ያወጣሉ። ይህን ካሰባችሁ አንድ ነገር ከአሁኑ አስተካክሉ፦ የደረሰኙ መለያ ዳታቤዙ በተራ የሚሰጠው ቁጥር አይሁን፤ ሁለት ጣቢያዎች ኔትወርክ በሌለበት አንድ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። መለያው «ደንብ» ውስጥ በጉይድ (ሌላ ቦታ በማይደገም ረጅም መለያ) ይፈጠር፤ ከዶት ኔት 9 ጀምሮ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደር የጉይድ ዓይነት አብሮ ይመጣል። ለገበሬው የሚታየው ተራ ቁጥር የጣቢያውን መለያ ከፊት አስቀድሞ ለብቻው ይቀመጥ።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልለፍ፦ ሁለቱ ሥርዓቶች የሚጋሩት ምን ይሁን? የገበሬንና የደረሰኝን ክላስ አታጋሩ። ይህን ጠንከር አድርጌ የምናገረው በሥራ ላይ የሚያደርሰውን መጠላለፍ ስለማውቅ ነው። ለማኅበሩ ገበሬ ማለት አባልነት፣ የድርሻ መጠን፣ የደረሰኝ ታሪክና ያልተከፈለ ሒሳብ ያለው ሰው ነው። ለዩኒየኑ መጋዘን አቅራቢው ማኅበሩ ራሱ ነው፤ ገበሬው ቢታይ እንኳ ቡናው ከየት እንደመጣ በሚያሳይ ሰነድ ላይ ነው። ለአንዱ ቡና በኪሎ የሚመዘን እሸት ነው፤ ለሌላው ደረጃ የወጣለት፣ በጆንያ የገባ፣ የሎት ቁጥር ያለው ምርት ነው። ሁለቱን በአንድ ክላስ ስትጨፈልቁ ግማሹ መስክ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው ባዶ ይሆናል። ከዚያ የባሰው፣ ዩኒየኑ ለመጋዘኑ አንድ መስክ ሲጠይቅ የማኅበሩ ሥርዓት በለቀማው መካከል እንደገና ተጠናቅሮ ሰርቨር ላይ መጫን ሊኖርበት ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች መረጃ መለዋወጥ ካለባቸው በተስማሙበት ቅርጽ በኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም በሚነጋገርበት በር) ይላላኩ። ያ ቅርጽ አነስተኛ ይሁን፦ የማኅበሩ መለያ፣ የሎት ቁጥር፣ ክብደት፣ የማስረከቢያ ቀን።

ልትጋሯቸው የሚገቡት ድርጅት ቢቀየርም የማይቀየሩ፣ ዳታቤዝም ድርም የማያውቁ ነገሮች ናቸው። እነዚህን በአንድ ላይብረሪ ሥሩ፤ የኢትዮጵያን የሥራ ልማድ በኮድ የያዘ ላይብረሪ እያንዳንዳችን በየቤታችን ደጋግመን ከምንጽፍ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ብንጽፈው እመኛለሁ።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ዶት ኔት ከብዙ የቀን መቁጠሪያዎች ጋር ቢመጣም የኢትዮጵያው አብሮ የለም። ስለዚህ ሁሉም የራሱን ይጽፋል፣ ከዚያም ይገለብጣል። መስከረም 1 በአብዛኛው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11ኛው ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን 12ኛው ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር 2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ 2019ም ይኖራታል። ከገለበጣችኋቸው ሁለት ቅጂዎች አንዱ ብቻ ከተስተካከለ ስህተቱ የሚወጣው በዚያን ዕለት ነው፤ እስከዚያ ማንም አያየውም። ዳታቤዝ ውስጥ ጊዜውን በዓለም አቀፍ ሰዓት አስቀምጡ፤ አገራችን ዓመቱን ሙሉ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ የሚቀያየር የበጋ ሰዓትም የላትም። ወደ ኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት የሚለወጠው ለማሳየት ሲወጣ ነው። «የግዢው ዕለት» የሚለው ግን የደንብ ጉዳይ ነው፤ ዋጋ የሚፈለግበት በእሱ ነውና ከሰዓቱ ተለይቶ ለብቻው ይያዝ።

ሁለተኛው መለኪያ ነው፦ በቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ኩንታል 100። ሦስተኛው የስልክ ቁጥር ነው፤ ብዙ የቆየ ኮድ 09ን ብቻ ይቀበላል፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን 07ም አለ። አራተኛውን ብዙዎች ይረሱታል፦ የስም ፍለጋ። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ የሚያደርግ ተግባር ከሌለ አንድ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። የተመዘገበውን ጽሑፍ አትለውጡ፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ መስክ ያዙ።

ይህን ላይብረሪ እንደ ኑጌት ፓኬጅ (የዶት ኔት የኮድ ጥቅል) ማውጣት ትችላላችሁ። ኢንተርኔት ላይ መጫን አያስፈልግም፤ የቢሯችሁ ሰርቨር ላይ ያለ ተራ ፎልደር የፓኬጅ ምንጭ ሆኖ ያገለግላል፣ መስመር ሲቋረጥም አያስቆማችሁም። ሦስት ሰው ብቻ እስከሆናችሁ ድረስ ግን ሁለቱንም ሥርዓትና ላይብረሪውን በአንድ የጊት ሪፖዚቶሪ (የኮድ ለውጥ ታሪክ መያዣ) አስቀምጣችሁ በቀጥታ የፕሮጀክት ጥቅሻ ብትጠቀሙ እመርጣለሁ። አንድ ለውጥ ሁለቱን ሥርዓቶች የሚሰብር ከሆነ ያው ቀን ታዩታላችሁ። የፓኬጅና የስሪት ቁጥር ሥርዓት የሚያስፈልገው ሁለቱ ሥርዓቶች በተለያየ ጊዜ የሚለቀቁ ወይም በተለያዩ ቡድኖች የሚያዙ ሲሆኑ ነው።

አሁን ያለውን ኮድ ስታዛውሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትንኩ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ደግሞ ፈጽሞ አትጀምሩ። የካቲት ጥሩ ወር ነው፦ ደረሰኞቹ ተሰብስበዋል፣ ስሌታችሁን የምታመሳክሩበት እውነተኛ መረጃ በእጃችሁ ነው። መጀመሪያ የዋጋና የክፍያ ስሌቱን ብቻ ወደ ደንብ አውጡ፤ ያለፈውን ወቅት ደረሰኞች በአዲሱ ኮድ አሂዱና ድምሩ ከተከፈለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የሚለያይ ደረሰኝ ካገኛችሁ ኮዱን ለማስማማት አትቸኩሉ፤ ከማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ጋር ተቀምጣችሁ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለዩ፤ ስህተቱ በአሮጌው ኮድ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ የጋራውን ላይብረሪ ከሁለቱም ሥርዓት አውጡ፣ የተገለበጡትንም ሰርዙ። ማከማቻን የምትለዩት በመጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ክቡ ጥገኝነት እንደገና ቢነሣ ሁለቱን የተጠባበቁ ክላሶች ስምና የሚጠራሩበትን ተግባር ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ የትኛው ቀስት እንደሚገለበጥ አብረን እናያለን።